ለኤስዩቪና ለፒክአፕ የበረዶ ጎማ፦ የትኛው ያዋጣል?

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ወዳጆቼ ጥቅምት በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትደውሉልኛላችሁ፦ "መኪናዬ ፎርዊል ነው፣ የበረዶ ጎማ ምን ያደርግልኛል?" ፎርዊል መኪናውን ከቆመበት ያስነሳዋል፤ ማቆም ላይ ግን የሚረዳው ነገር የለም። እኔ ይህን ያወቅኩት እዚሁ ኦሮራ፣ ሃቫና መንገድ ላይ ነው። ቀይ በርቶ ፍሬን ያዝኩ፤ ፔዳሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ መኪናው ግን ቀስ እያለ መስቀለኛው ውስጥ ገባ። ከግራ የሚመጣው አውቶቡስ ቀድሞ ስላየኝ ነው የተረፍኩት። ጎማዬ ጥርሱ ያላለቀ፣ ግን ተራ ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት ተብሎ የሚሸጥ ጎማ) ነበር። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የዚህ ዓይነት ጎማ እየደረቀ ይሄዳል፤ የበረዶ ጎማ ላስቲክ ግን በብርድም ለስላሳ ነው።

እኔ የምመርጠው ሙሉ የበረዶ ጎማ በራሱ የብረት ቸርኬ ላይ ነው። ኦል ዌዘር (ዓመቱን ሙሉ የማይፈታ፣ ግን የበረዶ ምልክት ያለው ጎማ) የምለው ከከተማ ለማይወጣና ጎማ ማስቀመጫ ለሌለው ሰው ብቻ ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ለቶዮታ ፎርራነሬ (የጎማው መጠን 265/70 አር 17) አራት ብሊዛክ የሚባል የበረዶ ጎማ በ220 ዶላር ሒሳብ 880 ከፈልኩ። አራት የብረት ቸርኬ 340፣ የጎማ ንፋስ ሴንሰር 160፣ ማስገጠሚያና ባላንስ 100፤ ድምሩ 1,480 ዶላር። እዚህ ላይ ሁሉም ይደነግጣል። ኦል ዌዘሩ ከነማስገጠሚያው 1,040 ነበር። ነገር ግን የበረዶው ጎማ ሲሠራ የበጋው ያርፋል፤ ሁለቱም ዕድሜ ያገኛሉ። ቸርኬውን ልተወው ብትሉ ደግሞ በዓመት ሁለቴ ጎማ ማስፈታት አለ፤ እኔ የጠየቅሁት ቦታ በአንድ ጊዜ 110 ዶላር ነው። በሁለት ዓመት 440 ማለት ነው፣ የቸርኬው ዋጋ በዚያው ተመለሰ። አሁን በክሪክና በዳዶ መፍቻ ራሴ እቀይረዋለሁ።

ኡበር የምትሠሩ በተለይ ስሙኝ። ኦል ዌዘር ዓመቱን ሙሉ አስፋልት ላይ ይፈጫል። ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ለሚመላለስ መኪና በሁለተኛው ክረምት ጥርሱ ከ6/32 ኢንች በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ በረዶ ላይ አትመኑት።

ምልክቱንም እዩ። ጎማው ጎን ላይ ኤም ፕላስ ኤስ (M+S፣ ጭቃና በረዶ) የሚለው ጽሑፍ የጥርሱን ቅርጽ ብቻ ነው የሚናገር፣ በረዶ ላይ አልተፈተነም። ተራራና የበረዶ ኮከብ የተሳለበት ተፈትኗል፤ ፈተናው ግን የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ የመነሳት ጉልበቱን ነው የሚለካው፣ ፍሬንንና ብላክ አይስን (አስፋልት ላይ የማይታየውን ስስ በረዶ) አይነካም። ጥርሱ የገዘፈ ኦል ቴሬን (ለአስፋልትም ለአቧራ መንገድም የሚሆን ጎማ) ምልክቱን ይዞ በጠዋት ብላክ አይስ ላይ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። ኤልቲ የሚባለው ጠንካራ ጎማ ዕቃ ለሚጭን ፒክአፕ ይሁን፤ ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ኤስዩቪ ትርፍ ወጪ ነው።

አሁን ስለ አሮጌ ጎማ። በ2023 "ጥርሱ አዲስ ነው" ተብዬ አራቱን ከነቸርኬው በ300 ዶላር ከአንድ ሰው ገዛሁ። ቀኑ የተጻፈበት ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ተገጥሞ ነበር። ሀበሻው ጎሚስታ ሲፈታልኝ በባትሪ አብርቶ አሳየኝ፦ 2614። የ2014 26ኛ ሳምንት ማለት ነው፣ የዘጠኝ ዓመት ጎማ። በጥፍሬ ብጫነው እንደ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ሥሩ ተሰነጣጥቋል። 300 ዶላሬ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ በውጭ በኩል ካጣችሁት መኪናው ሥር ገብታችሁ እዩ። ግማሹ ያለቀ ብሊዛክም አትግዙ፤ ያ ለስላሳ ላስቲክ ከላይ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ድረስ ነው ያለው፣ እሱ ካለቀ በኋላ የቀረው ተራ ጎማ ነው።

ሁለት ብቻ ልግዛ የሚል አለ። አንድ ወዳጄ ኦል ዊል ድራይቭ መኪናው ላይ ፊት አዲስ፣ ኋላ ያለቀ ገጥሞ ሲነዳ ከረመ። የጎማዎቹ መጠን ስለማይመጣጠን ትራንስፈር ኬዙ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ተበላ፤ ጥገናው 1,900 ዶላር ወጣበት። አራት ግዙ።

ወደ ተራራው፣ ወደ ቬይል የምትወጡ፣ አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31 (እ.ኤ.አ.) የኮሎራዶ ሕግ ለፎርዊልም 3/16 ኢንች ጥርስ ይጠይቃል። ቅጣቱ ከ130 ዶላር በላይ ነው፣ መንገድ ከዘጋችሁ ከ650 በላይ።

የመስቀል ሰሞን ግዙ። የመጀመሪያው በረዶ ከወረደ በኋላ የእኔ መጠን ሦስት ሱቅ ውስጥ አልቆ አግኝቻለሁ፣ አራተኛው ቤት በአንድ ጎማ 35 ዶላር ጨምሮ ነው የሚሸጠው። ከገጠማችሁ በኋላ 50 ማይል ነድታችሁ ዳዶውን እንደገና አጥብቁት፤ የብረት ቸርኬ ከተገጠመ በኋላ ዳዶው ሊላላ ይችላል።