ባለ 130 ሚሊሜትሯ ቴሌስኮፔ፦ ከ8 ወር በኋላ

ወንድሜ መስከረም ላይ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። የመስታወቷ ስፋት 130 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቷ (ከመስታወቱ እስከ ምስሉ ያለው ርቀት) 650 ሚሊሜትር ነው። ቱቦዋ ይሰበሰባል። ረጅም ማቆሚያ የላትም፤ የምትቀመጠው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ችግሯን ላስቀድም። ጠረጴዛው ከተነቃነቀ ኮከቡም ይንቀጠቀጣል። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ጨርሶ አይሆንም። ሁለት ሳምንት ስበሳጭ ከርሜ አናጺ ጋ ሄድኩና ወፍራም ባለ ሦስት እግር በርጩማ አሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዕቃ ሆነች። ደግሞ ቱቦዋ መሀሉ ክፍት ስለሆነ የጎረቤት ፓውዛ በጎን እየገባ ምስሉን ያደበዝዘዋል። እሱን በጥቁር ካርቶን ሸፈንኩት።

አዲስ አበባ ላለ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፕላኔቶች አናታችን ላይ ናቸው የሚያልፉት። ምስሉ ይጠራል። ግን እንዲህ ያለች ቴሌስኮፕ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ስታይ ወደ ጎን ማዞሯ ያስቸግራል። ጥር ላይ ጁፒተርን እኩለ ሌሊት ላይ ስከታተል እጄ ዛለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ገና ወደ አናታችን ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ማየት ይሻላል። አራቱ ትላልቅ ጨረቃዎቹ 26 እጥፍ ብቻ ሲጎሉ እንኳ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ሳተርን ግን አሳዝኖኛል። ጥፋቱ የቴሌስኮፗ አይደለም። በየ15 ዓመቱ ገደማ ቀለበቱ በጠርዙ ወደኛ ይዞራል፤ እኔ የጀመርኩት ልክ በዚያ ሰሞን ነው። እንደ ክር ቀጥኖ ነበር።

የልቤን ያደረሰችው በፋሲካ ሰሞን ደብረ ብርሃን ነው። ጨረቃ የለም፣ ሰማዩ ጥቁር ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ምስሉ እንዲረጋ መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ወደ ደቡብ አዙሬ ኦሜጋ ሴንታውሪን አገኘሁት፤ አብዛኛው አውሮፓ ያለ ሰው ከቤቱ ሆኖ ሊያየው የማይችል የከዋክብት ክምችት ነው። በ65 እጥፍ እናቴን አሳየኋት። ጋቢዋን ተከናንባ ጎንበስ አለችና ብዙ ቆየች።

«ጤፍ የተበተነ ይመስላል» አለች።

እውነቷን ነው። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁለትም።

ለጀማሪ ትሆናለች ወይ ለሚለኝ፣ አዎ፤ ጠንካራ በርጩማ እስካለ ድረስ። አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ከእርጥበት ጠብቄ ጠቅልያታለሁ። መስከረም ላይ የሳተርን ቀለበት ከአምናው ሰፋ ብሎ ይጠብቀኛል።