በባና የለበሰ ስፒከር፣ በላፕቶፕ ቻርጀር የሚሠራ አምፕ

መንዙማ ስከፍት ጆሮዬ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጭብጨባው ነው። መጥፎ ስፒከር ላይ ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። ቀጥሎ ድቤውን አዳምጣለሁ። "ዱም" ብሎ ካቆመ ጥሩ ነው። "ዱምምም" እያለ ከጎተተ ሳጥኑ ችግር አለበት። ዛሬ የምጽፍላችሁ እዚሁ ደሴ ቤቴ ውስጥ ስለሠራሁት ስፒከርና ስለሚያስጮኸው ትንሽ አምፕ ነው።

አምፑ ቲፒኤ3116 የሚባል ቺፕ ያለበት ቦርድ ነው። ቺፑ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው። መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ ክላስ ዲ የሚባለው ኃይል የማያባክን ዓይነት ስለሆነም ብዙ አይሞቅም። እስከ 26 ቮልት ይችላል፤ እኔ ግን በአሮጌ የላፕቶፕ ቻርጀር በ19 ቮልት ነው የማሠራው። በዚህ ቮልት፣ ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ፣ በአንድ ቻናል (በግራው ወይም በቀኙ በኩል) 20 ዋት ገደማ አገኛለሁ።

20 ዋት ሲባል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከዚህ በፊት ካርቶኑ ላይ 1,000 ዋት የተጻፈበት አምፕ ገዝቼ ነበር። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳየው ከመብራት የሚወስደው 60 ዋት ነው ይላል። 60 የሚበላ ዕቃ 1,000 ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ትንሽ ከፍ ሳደርገው ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትዊተሬን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር፣ አቃጠለው። አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጮህ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ዳፋው ለትዊተሩ ይተርፋል። በጣም ነው የተናደድኩት። ያን ትዊተር ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ስንት ወር ቆጥቤ ነበር።

ስለዚህ ዋት ከመጠየቃችሁ በፊት የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲ ጠይቁ። 1 ዋት ሰጥታችሁት 1 ሜትር ርቃችሁ ስትሰሙት ስንት ዴሲቤል ይጮሃል ማለት ነው። የእኔ 6.5 ኢንች ዉፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ 90 ይላል። 87 የሚለውን ብገዛ ኖሮ ያንኑ ድምፅ ለማግኘት እጥፍ ዋት ያስፈልገኝ ነበር። በ3 ዴሲቤል ልዩነት እጥፍ! የእኔ ሳሎን ማታ ማታ 1 ዋት እንኳ አይፈጅም።

ሳጥኑን ያሠራሁት ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ አናጢ ጋ ነው። ኤምዲኤፍ ስለው ቅር አለው። "ልጄ፣ ዋንዛ እያለ በዱቄት እንጨት ታሠራለህ?" አለኝ። "ጋሼ፣ ዋንዛ ውብ ነው። ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። መጋጠሚያው ትንሽ ከከፈተ አየር ያሾልክብኛል" አልኩት። በመጨረሻ ተስማማን፦ ሳጥኑ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ የፊቱ ጠርዝ ዋንዛ። ለሙያው ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። የዉፈሩን ቀዳዳ የቆረጠበት ልክነት ድንቅ ነው፤ ዉፈሩ እንደ ድስት ክዳን ገጠመ። ቀጠሮ ላይ ግን "ነገ ና" እያለ ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል።

ሳጥኑ ዝግ ነው፣ 16 ሊትር ይይዛል። ቁጥሩን ከራሴ አላመጣሁትም፤ ከዉፈሩ ወረቀት አስልቼ ነው። አንድ ዉፈር ምን ያህል ሳጥን እንደሚፈልግ በቁጥር እንዲሰላ ያደረጉት ቲል እና ስሞል የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። የቲል ጽሑፍ የወጣው በ1961 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ዛሬም ዉፈር ስትገዙ ለዚህ ስሌት የሚሆኑት ቁጥሮች ያሉበት ወረቀት ከሌለው እለፉት።

መጀመሪያ ሳጥኑ ባዶውን እያለ ስሞክረው የወንድ ድምፅ እንስራ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስል ነበር። እናቴ ዘንድ ያረጀ ባና ነበር፣ ከበግ ፀጉር የተሠራው ያው የብርድ ባና። ለምኜ ወሰድኩትና ቆራርጬ ጀርባውንና ጎኖቹን አለበስኩት። ድምፁ ከእንስራው ወጣ። ሱፍ ሳጥን ውስጥ የሚንገላታውን ድምፅ ይውጠዋል። ለዚህ የሚሸጥ ስፖንጅ አለ፤ እኔ ግን በባናው አልቆጭም።

ትዊተሩ ላይ 6.8 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አስገባሁ። ባለ 8 ኦም ትዊተር ላይ ይህ ከ3,000 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እየቀነሰ ያስቀረዋል። ዉፈሩ ላይ ደግሞ ኮይል አለ፣ የተገላቢጦሹን የሚሠራ።

ሁሉም ሲያልቅ በማሲንቆ የተዘፈነ አምባሰል ከፈትኩ። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ደጋኑ ሲያልፍበት ያለችው ያቺ ትንሽ ሸካራ ፍተጋ ተሰማችኝ። በአሮጌው አምፕ አልነበረችም። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። መቁላቱን አቁማ "ለካ እንዲህ ነው የሚለው!" አለች። ስንት ዓመት ስትሰማው የኖረችው ዘፈን ውስጥ አንድ ቃል ለካ ተሳስታ ነበር የምትይዘው።

ቦርዱ እንከን አለው። ቮልዩሙ በጣም ዝቅ ሲል ግራው ከቀኙ ይበልጣል። ጆሮ ትዊተሩ ላይ ከተለጠፈ "ሽሽሽ" ይሰማል፤ ከሶፋው ላይ አይሰማም። መብራት ሲጠፋ ግን እንከኑን ይክሳል። በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ 8 ዋት ገደማ ይሰጣል፣ ለሳሎን ይበቃል። ባለ 4 ኦም ስፒከር ያላችሁ ደግሞ ቻርጀራችሁ ስንት አምፔር እንደሚችል እዩ፤ 4 ኦም እጥፍ ይስባል።

ቀጥዬ ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ አስገባለሁ፣ ቮልዩሙንም እቀይረዋለሁ። ሳጥኑን አልነካውም።