መርፌ ወይስ ቱቦ? ከዳሌ ቀዶ ጥገና በኋላ ለሚቋጥር የሊምፍ ፈሳሽ

እኅቴ የማኅፀን በር ካንሰር ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ወዲህ አንድ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣብኛል፦ «ውስጧ ፈሳሽ ቋጥሯል ተባልን፤ በመርፌ ይቀዳ ወይስ ቱቦ ይግባ?» ኩላሊት ከተተከለላቸው ሰዎች ቤተሰቦችም ይኸው ይመጣል። መልሴ አንድ ነው፤ መውጣቱ ግድ ከሆነ ቱቦ።

ግድ ካልሆነ ግን አንድም ብር አታውጡ። ንፍፊቶች ሲወጡ ወይም ኩላሊት ሲተከል የተቆረጡት ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች (ሊምፍ ከሰውነት ውስጥ ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ ነው) ያንጠባጥባሉ፤ ፈሳሹም ዳሌ ውስጥ ይጠራቀማል። መጠኑ ትንሽ ሆኖ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የእግር እብጠት ወይም የሽንት ችግር ካላመጣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመጠጣል። ሐኪሙ «በአልትራሳውንድ እንከታተለው» ሲል ቸል አለን ብላችሁ ሌላ ክሊኒክ አትሩጡ።

መርፌ ርካሽ የሚመስለው የአንድ ቀን ደረሰኝ ብቻ ስለምናይ ነው። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ስላልተዘጋ ፈሳሹ የተጠራቀመበት ቋት ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይሞላል። በሞላ ቁጥር ካርድ፣ አልትራሳውንድ፣ የመቅጃ ክፍያ፣ ላቦራቶሪ አለ፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ደግሞ የአውቶቡስ፣ የአልጋና የአስታማሚ ምግብ ይጨመራል። ደረሰኞቹን ስደምራቸው ከቱቦው ዋጋ በልጠው አገኘኋቸው። መርፌ በገባ ቁጥር ተሕዋስ የመግባት ዕድሉም አብሮ አለ። መርፌን የምደግፈው ለምርመራ ብቻ ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ክሬአቲኒን (ኩላሊት በሽንት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ከደሙ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ሊምፍ ነው፣ እጅግ ከበለጠ ግን ሽንት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ቱቦው በአካባቢ ማደንዘዣ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ ይገባል። የሚፈሰው በየቀኑ ይለካል፤ ብዙ ሐኪሞች በቀን ወደ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ያወጡታል። አልደርቅ ካለም በዚያው ቱቦ ፖቪዶን አዮዲን ወይም አልኮል ይሰጥና የቋቱ ግድግዳዎች እንዲጣበቁ ይደረጋል። ለዚህ ሌላ ቀዳዳ አያስፈልግም፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ገንዘብ የሚባክነው ዕቃው ላይ ነው። ጫፉ የሚጠቀለልና ከውስጥ በክር የሚቆለፍ ቱቦ ጠይቁ። ቀጥ ያለው በእንቅልፍ መካከል ይሾልክና እንደገና ለማስገባት እንደገና ትከፍላላችሁ። ከረጢት ልግዛ ስትሉ የቱቦውን የውፍረት ቁጥርና የመገጣጠሚያውን ዓይነት በወረቀት አስጽፉ። እኛ የገዛነው ርካሽ ከረጢት ከቱቦው ጋር አልገጥም አለ፤ በፕላስተር ቢታሰርም ሌሊቱን አንሶላ ሲያረጥብ አደረ። ፋርማሲው ደግሞ የተከፈተ ዕቃ አልመልስም አለ፤ በዚህስ አልፈርድም። ማሸጊያው ያልተቀደደ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ መሆኑንም እዩ።

በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ በሚደረግ ቀዶ ጥገና) ቋቱ ላይ መስኮት ከፍቶ ፈሳሹን ወደ ሆድ ዕቃ ማስወረድም አለ። ተመልሶ የመሙላት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ማደንዘዣና የቀዶ ጥገና ክፍል ይፈልጋል፤ ቋቱ ከመገለም አይሆንም። ቱቦና መድኃኒት ተሞክረው ለተመለሰባቸው ተዉት።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይም አንድ እግር በድንገት ካበጠ፣ ዋጋ ማወዳደሩን ትታችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ እብጠቱ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ውጭ ግን ጊዜ አላችሁ፤ ዋጋ ስትጠይቁም የማስገቢያውን ብቻ ሳይሆን የክትትሉን፣ የከረጢቱንና የማውጫውን ጭምር ደምረው እንዲነግሯችሁ አድርጉ።