ጋሜ፣ ካበርኔ ፍራን ወይስ ሲራ? የፈረንሳይ አነስተኛ አምራቾች ቀይ ወይን ጠጆች ንጽጽር

የፈረንሳይን ወይን ጠጅ በወይን ፍሬው ዝርያ ስም (ጋሜ፣ ካበርኔ ፍራን፣ ሲራ) መፈለግ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ጠርሙስ ላይ «ሲራ» ብሎ ለመጻፍ 85 በመቶው ሲራ ከሆነ ይበቃል። «ኮርናስ» የሚል የቦታ ስም ያለበት ጠርሙስ ግን የዝርያውን ስም ባያነሳም 100 በመቶ ሲራ ነው፤ ደንቡ ሌላ አይፈቅድም። ስለዚህ የቦታውን ስም ያንብቡ። ቀጥሎ «ሚዛን ቡቴይ ኦ ዶሜን» የሚለውን ይፈልጉ፤ በአምራቹ ግቢ ታሸገ ማለት ነው። «አ ላ ፕሮፕሪዬቴ» (በይዞታው ታሸገ) የሚለውን ግን የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ይጽፉታል።

ጋሜ፦ ከቦዦሌ አካባቢ መንደሮች ሞርጎን ወይም ፍለሪን ይምረጡ። ዘለላው ሳይጨመቅ እንዳለ ስለሚብላላ የፍሬው ጣዕም ይጎላል፤ አፍም ብዙ አያደርቅም። 13 ዲግሪ ላይ ይቅዱት። በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ከሦስቱ የሚሻለው ይኸው ነው፤ ታኒን (አፍ የሚያደርቀው ነገር) እና አልኮል ሲበዙ ማቃጠሉን ያብሱታልና። ማቆያው ሰልፈር ካልገባበት ሲከፈት ትንሽ ጋዝ ሊኖረው ይችላል፤ በማንቆርቆሪያ ቢያንገላቱት ይወጣል። ከዋጡ በኋላ የአይጥ ሽታ የሚመስል ጣዕም ከመጣ ግን መድኃኒት የለውም። በኅዳር የሚሸጠው «ኑቮ» (የዓመቱ አዲስ ወይን ጠጅ) ሌላ ነገር ነው፤ ለማቆየት አይገዛም።

ካበርኔ ፍራን፦ ሺኖንና ቡርገይ፣ ከሏር ወንዝ አካባቢ። ሺኖን እስከ 10 በመቶ ካበርኔ ሶቪኞን የተባለ ሌላ ዝርያ ይፈቅዳል፤ ሻጩን ይጠይቁ። ከአሸዋና ጠጠር መሬት የመጣው ቀለል ይላል፣ ከኖራ ድንጋይ ዳገት የመጣው ይቆያል። የቃሪያ ሽታ ከበረታ ፍሬው በደንብ አልበሰለም፤ በቀዝቃዛ ዓመት የተለመደ ነው።

ሲራ፦ ኮርናስ ጥቁር ቁንዶ በርበሬና ወይራ ይሸታል፤ በልጅነቱ ይጎመዝዛል፣ ከ5 ዓመት በፊት መክፈት ገንዘብ ማባከን ነው። ዋጋው ከከበደ ሳን ዦሴፍ የተባለው ሌላ የሲራ ቦታ አለ፤ ሆኖም እስከ 10 በመቶ ነጭ ወይን ሊገባበት ይፈቀዳል። ሲራ አየር ካጣ የተቃጠለ ክብሪት ወይም የበሰበሰ እንቁላል ሊሸት ይችላል። አይድፉት፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገልብጠው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያም ካልለቀቀ ለሻጩ ይመልሱ። የተረፈውን ኮርናስ ቡሹን መልሰው ማቀዝቀዣ ያስገቡት፤ በማግሥቱ ብዙ ጊዜ ለስልሶ ይገኛል።