ቢሾፍቱ እየኖሩ አዲስ አበባ መሥራት ወይስ እዚያው መከራየት?

አዲስ አበባ የተከራየ ሰው ጠዋት ትንሽ ይተኛል፣ ማታም ለእራት ይደርሳል። ደሞዙን ግን አከራይ ይወስድበታል። የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ አከራይዋ ደግሞ «እንግዳ አታብዙ፣ ውኃ አታፍስሱ» የምትል።

ቢሾፍቱ በዚያው ብር ሰፋ ያለ ቤት ይገኛል (እሱም እየተወደደ ነው እንጂ)፤ ልጆች ግቢ ውስጥ ይሯሯጣሉ። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፍጥነት መንገዱም ከተከፈተ ወዲህ ጉዞውን አቅልሎታል። ፈተናው ከቱሉ ዲምቱ ወደ ከተማ ሲገባ ነው። ቃሊቲ ላይ መኪናው ይቆማል፤ ገሚሱ ያንቀላፋል፣ ገሚሱ ለአለቃው «መንገድ ተዘጋግቶ ነው» እያለ ይደውላል።

ልጆች ላሉት ቢሾፍቱን እመርጣለሁ። ሥራው ለሚያመሽ ላጤ ግን አይሆንም፤ ከመሸ ሚኒባስ ማግኘት ዕድል ነው።