አንቀልባ ወይስ የሕፃን ጋሪ፦ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ሲበቃ

የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ አንቀልባ ይሻላል ወይስ ጋሪ? ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መግዛት የሚችል ሰው ይህን አይጠይቅምና የምመልሰው ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ለሚበቃው ወላጅ ነው። መጀመሪያ አንቀልባ ይግዙ። ጋሪው ልጁ ያለ ድጋፍ መቀመጥ እስኪጀምር፣ ማለትም ስድስት ወር ግድም እስኪሆነው ድረስ ይቆይ፤ ያን ጊዜም ቢሆን አስመስሎ ከተሠራ አዲስ ጋሪ ይልቅ ያገለገለ እውነተኛ ጋሪ ይፈልጉ።

እዚህ አቋም ላይ ያደረሰኝ የመጀመሪያው ጋሪያችን ነው። የአንድ ታዋቂ ምርት መልክ ይዞ ዋጋው የእውነተኛው ሩብ ብቻ ስለነበር ሳልውል ሳላድር ገዛሁት። በሦስተኛው ወር የፊት ጎማው መዞሪያ ላላ፤ በአራተኛው ጋሪው ወደ ግራ እየጎተተ አስቸገረ፤ በአምስተኛው ጎማው ከነመያዣው ተነቅሎ መንገድ ላይ ቀረ። ያስጠገንኩበት ባለሙያ ገልብጦ እንዳሳየኝ፣ በእውነተኛው ላይ በብሎን የሚታሰረው ክፍል በዚህኛው ላይ በሪቬት ተመትቶ የተዘጋ በመሆኑ ሳይሰበር የሚፈታ አልነበረም፤ የጎማው ዘንግ ውፍረትም እሱ ጋ ከነበሩት መለዋወጫዎች ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ሁለት ጊዜ ለማስጠገን የከፈልኩት የጋሪውን ዋጋ ግማሽ ስላከለ ርካሹ ጋሪ በድምሩ የእውነተኛውን አዲስ ጋሪ ዋጋ ሦስት ስምንተኛ ፈጅቶ ተጣለ።

ቀጥሎ የገዛሁት ያገለገለ እውነተኛ ጋሪ የአዲሱን ግማሽ አስከፍሎኛል። ሁለት ዓመት ተጠቅመንበት ከከፈልኩት ላይ ሁለት ሦስተኛውን የሚያስመልስ ገዢ አገኘን፤ ስለዚህ የመጨረሻ ወጪዬ የአዲሱ ዋጋ አንድ ስድስተኛ ብቻ ሆነ። ይህን ሒሳብ ለባለቤቴ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ ባልናገር ይሻላል።

አንቀልባውን ግን አዲስ ነበር የገዛነው፤ ዋጋውም የአዲሱ ጋሪ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም ከአስመሳዩ ጋሪ እንኳ ያነሰ ነበር። ለአሥራ ስምንት ወራት ያህል ያልተጠቀምንበት ቀን ጥቂት ነው። ደረጃ ላይ፣ ወጣ ገባ መንገድ ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ጋሪ ሁለት ሰው ሲያስቸግር አንቀልባ ሁለቱንም እጅ ነፃ ይተዋል። ያለቀሰ ሕፃንም ደረት ላይ ሲሆን ቶሎ ዝም ይላል፤ ጋሪ ውስጥ ግን የእኛው ልጅ የባሰ ይጮኽ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተበላሸው የደረት ማሰሪያው መቆለፊያ ብቻ ሲሆን እሱንም አምራቹ ለየብቻ ስለሚሸጠው በቀላሉ ተክተነዋል። ክብደት የሚሸከመው የወገብ መቆለፊያ ቢሰበር ግን በተገኘው ማንኛውም መቆለፊያ መተካት አይገባም።

ከአንቀልባ ዓይነቶች አራት ወይም አምስት ሜትር ርዝመት ያለው መጠቅለያ ጨርቅ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ አስተሳሰሩን ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ የምመርጠው የወገብ ቀበቶ ያለውን ነው፤ ክብደቱ በትከሻ ብቻ ሳይሆን በዳሌም ላይ ስለሚያርፍ ጀርባ አይጎዳም። ሲገዙ መቀመጫው የልጁን ጭን ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው የሚደግፍ መሆኑን ይመልከቱ። ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለው እግሮቹ በመጠኑ ሲከፈቱ ለዳሌ መገጣጠሚያው ይስማማል፤ መቀመጫው ጠባብ ሆኖ እግር የሚያንጠለጥለውን ርካሽ ዓይነት ይተዉት። ልጁ ሲታዘል ፊቱ ዘወትር ሊታይ፣ ግንባሩም ለመሳም የሚቀርብ ሊሆን ይገባል፤ አገጩ ግን ደረቱ ላይ ሊደፋ አይገባም፤ አገጩ ከተደፋ የአየር መተላለፊያው ሊጠብ ይችላልና። ያለ ጊዜው ወይም ከክብደት በታች ለተወለደ ሕፃን ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ አንቀልባ አይጠቀሙ።

ጋሪ የሚበልጥበት ጊዜ የለም አልልም። ልጁ አሥር ኪሎ ሲያልፍ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ እናቲቱ በቀዶ ጥገና ወልዳ ቁስሏ ገና ሲሆን ጋሪ ያሳርፋል። ትኩስ ነገር የሚያበስል ሰውም ልጁን አዝሎ ምድጃ አጠገብ መቆም የለበትም። ይሁንና አብዛኞቹ ምክንያቶች ከወራት በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ ለአራስ የሚሆን፣ ጀርባው ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ጋሪ ደግሞ ተቀምጦ ብቻ ከሚሄዱበት ይወደዳልና መቆየቱ ራሱ ገንዘብ ያተርፋል።

ያገለገለ ጋሪ ሲያዩ ጨርቁን ትተው መገጣጠሚያውን ይመርምሩ፤ ጨርቅ ይታጠባል። ከባድ ነገር ጭነው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይያዙት፤ ጥቂት እንኳ ከተንሸራተተ ዋጋ አይደራደሩ። አጥፈው ይዘርጉት፣ መቆለፊያው ድምፅ አሰምቶ መያዙንም ያረጋግጡ። ማጠፊያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለውም ይጠንቀቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ አንድ ሚሊዮን ያህል ታጣፊ ጋሪዎች እንዲታረሙ ጥሪ የተደረገባቸው ማጠፊያቸው የሕፃናትን ጣት እየቆረጠ ስለነበር ነው። የሞዴሉን ቁጥር ይዘው እንዲህ ያለ ጥሪ ተደርጎበት እንደሆነ መፈለግ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ሻጩ ከጋሪው ጋር ባለጎማ መራመጃ በስጦታ ልጨምርልዎ ካለ አይቀበሉት። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያገለገለውን ጨምሮ ሽያጩን ከልክላለች፤ ምክንያቱም ልጆች በመራመጃው ከደረጃ ላይ እየወደቁ ስለሚጎዱ ነው። ያገለገለ ይግዙ የሚለው ምክሬም የመኪና ወንበርን አይጨምርም። ግጭት ያለፈበት ወንበር ከውጭ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ታሪኩን በሚገባ ከሚያውቁት ሰው ካልሆነ በቀር፣ ለእሱ ብቻ የአዲሱን ሙሉ ዋጋ ይክፈሉ።