የአያቴን ሜዳይ የሠራልኝ ፍሬም ቤት

የአባት ወይም የአያት ሜዳይ ፍሬም የሚያስገባ ሰው ለምትፈልጉ፣ አንድ ቤት ልጠቁማችሁ። ፒያሳ ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ የተዛወረ ጠባብ ፍሬም ቤት ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፣ ወሬ አያበዙም።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የክብር ዘበኛ ነበሩ። በ1944 ዓ.ም ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጎን ተሰልፈዋል። በደርግ ጊዜ ከኮሚኒስት ጋር ተዋግቻለሁ ማለት ጣጣ ስለነበረው፣ ሜዳዮቹ በብስኩት ቆርቆሮ ተደብቀው ከረሙ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው በዕድር ዳኝነታቸው ነው። ድንኳንና ብረት ድስት ቆጥሮ መረከብ ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ቦኖ እንዲተከልልን ቀበሌ ሲመላለሱ የኖሩትም እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ቤት "በአሲድ አጥበን ወርቅ እናስመስለዋለን፣ ከዚያ በማስቲሽ ጥብቅ!" አለኝ። ይዤ ውልቅ አልኩ። እኚህኛው ግን ገና ሲያዩት "ስንተኛው ቃኘው?" አሉኝ። በቃ፣ ቤቱን እንዳገኘሁት ገባኝ። የተባበሩት መንግሥታትን ሜዳይ መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ለኢትዮጵያ ወታደሮች የተሠራው የጀርባው ጽሑፍ አማርኛ ነው። "ይሄማ ግድግዳ ማየት የለበትም" ብለው የከፋይ ጨርቁን ከኋላ በሜዳዩ ልክ ቀደው መስታወት አደረጉበት። ማስቲሽ አልነካውም፤ ሪባኑን በቀጭን ክር ሰፉት። ሰማያዊና ነጭ መስመሩ ደብዝዟልና በአዲስ ይቀየር ብላቸው እንቢ አሉ። ልክ ነበሩ።

ያልተስማማነው በአንድ ነገር ነው። ከሜዳዮቹ ሥር ዕድሩ የሰጣቸውን የምስጋና ወረቀት እንዲያስገቡልኝ ስጠይቅ አንገራገሩ። ለሳቸው የጦር ሜዳ ሌላ፣ ዕድር ሌላ ነው። ለኔ ግን አያቴ ሁለቱም ናቸው፣ ከፋዩም እኔ ነኝ። አስገቡት። አሁን ቤት የሚመጣ እንግዳ ቀድሞ የሚያነበው እሱን ነው።

ዋጋው 6,000 ብር ነው፤ ርካሽ አይደለም። ቀጠሮ ላይም አትመኑ፣ "ነገ" ካሉ የሚቀጥለው ሳምንት ማለት ነው። መስታወቱ ተራ ስለሆነ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ሪባኑን ይጨርሰዋል። ቀብድ ግማሽ ነው። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይጽፉም፣ ጠይቁ።